የሁለቱ ሰንበቶች መብራት

እኛ ሰፈር መብራት የሚመጣው ቅዳሜና እሑድ ነው። ለማያውቅ ሰው ቀልድ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ ነው። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ከተቃጠለ ወዲህ የምንኖረው ከወፍጮ ቤቱ መስመር ላይ ተቀጥለን ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ወፍጮው ሌት ተቀን ሲዞር የእኛ አምፖል እንደ ደከመ ፍም ትቀላለች እንጂ አታበራም። ባለወፍጮው ደግሞ ሰንበት አክባሪ ነው። ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ያቆማል፣ ቀዳሚት ሰንበትንም እሑድንም ያከብራል፣ እሑድ ፀሐይ ስትጠልቅ እንደገና ያስነሣል። በሁለቱ ቀናት ውስጥ መብራታችን ሸጋ ነው። ልብስ የሚተኮሰው፣ ስልክ የሚሞላው፣ ራዲዮ የሚከፈተው ሁሉ ያኔ ነው።

የእኔ ሥራም ቅዳሜና እሑድ ነው። የሠርግ ወጥ ሠሪ ነኝ። ጥር ሲብት ሰው ሁሉ ጾም ሳይገባ ልጁን ሊድር ይሯሯጣል፤ ዓርብ ማታ ባልንጀራዬ ቤት ቅመም መውቀጥ፣ ቅዳሜ ሽንኩርት፣ እሑድ ድስት፤ አንዷም ሰንበት ባዶ አትሆንልኝም። እንግዲህ ቤቴ መብራት ሲኖር እኔ የለሁም፣ እኔ ስኖር መብራቱ የለም። ዕድሜ ልኬን ይህ አሳስቦኝ አያውቅም ነበር። ያሳሰበኝ የልጄ እጅ ነው።

ልጄ ልብስ ሰፊ ናት። ኅዳር ላይ የተሳፈረችበት ባጃጅ ቁልቁለት ላይ ተገለበጠና ቀኝ እጇ አንጓው ላይ ተሰበረ። አጥንቱ ደህና ገጠመ። በገና ሰሞን ጀሶው ሲወልቅ ግን ጣቶቿ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተገትረው ቀሩ። አይታጠፉም። ሆስፒታል ውስጥ የደረቀ ጅማት የምታፍታታ አንዲት ሴት አለች፤ ረጋ ያለች፣ ነገር የማትደብቅ። የልጄን ጣቶች አንድ በአንድ እያጠፈች፣

«ይኼን በየቀኑ ራስሽ ታደርጊዋለሽ» አለቻት። «እስከ ጥር መጨረሻ ሰኞ የጣቶችሽ ጫፍ መዳፍሽን መንካት አለባቸው። ካልነኩ እንዲሁ ይደርቃሉ። ከዚያ በኋላ እኔ ብዙ አልረዳሽም።»

የምትጨብጣት ለስላሳ ኳስም ሰጠቻት። ልጄ ኳሷን ሦስት ቀን ጨበጠቻት። በአራተኛው ቀን ስጠርግ አልጋ ሥር አገኘኋት።

ያማታል፤ ፊቷ ላይ አየዋለሁ። ሕመሙ ብቻ ግን አልነበረም። አንድ ጧት መቀሷን አንሥታ ጨርቅ ልትቆርጥ ሞከረች፤ መቀሷ እግሯ ሥር ወደቀች። የዚያኑ ቀን የትንሿን ልጇን የቀሚስ ቁልፍ መቆለፍ አቃታት። ሕፃኗ ቆማ ጠበቀቻት። በማግስቱ ልጄ «ማክሰኝት የአባቷ እናት ዘንድ ትሰንብት» ብላ ላከቻትና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እንደዚያ ተኝታ ሳያት ሰኞ የሚባለው ቀን እንደ ጎርፍ ሲመጣ ይሰማኝ ጀመር።

ጌሙ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሹፌርነቱን ሲተው በራችን ላይ ጌም ቤት ከፍቶ ነበር። አንድ ማጫወቻ፣ ጀርባው እንደ ግመል ያበጠ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። ሕጉ የተሸነፈ ይነሣል ነው። ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ከተቀመጠች እራት እስኪደርስ የሚያስነሣት አልነበረም። የሰፈሩ ወንዶች በኳሱ ጨዋታ ተራ በተራ እየመጡ ተራ በተራ እየተነሡ ይሄዱ ነበር። እኔ ከኩሽና ሆኜ ጣቶቿን አይ ነበር፤ እንደ እንዝርት ይሾሩ ነበር። ኳስ ጨብጪ ማለት ሌላ፣ ጎል ጠብቂ ማለት ሌላ ነው። እነዚያ ጣቶች ሳታስባቸው ይሮጡ ይሆናል አልሁ።

ባለቤቴ ሲሞት ማጫወቻውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ ኩሽና ከምድጃው በላይ ካለው ቆጥ ላይ ሰቅየው ነበር። ያደግሁት ደጋ ነው፤ የዘር እህል ከነቀዝ የምናተርፈው እንደዚያ ነው። ጭስ ያገኘው ነገር አይበላሽም ብዬ፣ ከሁሉ የወደድሁትን ዕቃ ከሁሉ የተሻለ ቦታ አኖርሁት። ሳወርደው ግራጫው ቡኒ ሆኗል፣ እጄ ላይ ይጣበቃል።

ልጄ በበሩ አየችኝ።

«እሱን ምን ልታደርጊው ነው?»

«ላጸዳው ነው።»

«ምነው እማዬ፣ የሠላሳ ዓመት ሴት ጌም ስትጫወት ሰው ምን ይላል?»

«ተጫወቺ አልሁሽ?»

«አላልሽም፤ እያሰብሽው ነው» አለችና ተመልሳ ተኛች።

ፒያሳ አካባቢ ራዲዮና ድምፅ ማጉያ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ። ወሰድሁላቸው። ክዳኑን ከፍተው አሸተቱት።

«ይኼ የት ነው የኖረው፣ እትዬ?»

«ቆጥ ላይ፣ አያ።»

«ቆጥ ላይ? ከምድጃ በላይ?»

«ከዘሩ ጋር።»

መነጽራቸውን አውልቀው እስኪያብሱ ድረስ ሳቁ። «እትዬ፣ ቋንጣ አደረጉት እኮ» አሉኝ። ከዚያ ሳቁን ተዉት። ዲስኩን የምታነብ ትንሽ የመስታወት ዓይን አለችው፤ እሷን በጣታቸው አሳዩኝ። ጥላሸት ሸፍኗታል። «የሠርግ ሰሞን ነው፣ የከተማው ድምፅ ማጉያ ሁሉ እኔ ላይ ነው ያለው፤ ጊዜ የለኝም። አጸዳዱን ላሳይዎት። ጥጥ በአልኮል ያርሱ፣ ሳይጫኑ ያስኪዱ። የሕፃን ዓይን እንደሚጠርጉ ያስቡት።» አንድ አሮጌ ካቻቢቴም ሰጡኝ።

እንዲህ ሆነና የማጫወቻ ጠጋኝ ሆንሁ። ጭንቄ ብሎኖቹ ነበሩ፤ አጫጭርም ረጃጅምም አሉ፣ ቦታ ከተለዋወጡ አይገቡም። ፊደል የለቀምሁት ከልጄ ደብተር ላይ ነው፣ ያውም ሸብቼ፤ ጽፌ ምልክት ባደርግ የራሴን ጽሑፍ አላምነውም። ስለዚህ የጧፍ ርጋፊ ሰም ምድጃ ዳር አሙቄ እንደ ቂጣ ዘረጋሁ። ብሎን ሲወጣ፣ ማጫወቻው ላይ በነበረበት ጥግ ልክ በሰሙ ጥግ እሰካዋለሁ። ሰሙን ያየ ማጫወቻውን አየ ማለት ነው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ተነሣሁ፣ ያበጠውን ቴሌቪዥን ኩሽና አስገባሁ፣ ሰካሁት። ሥዕሉ መጣ። ዜማውም መጣ። ከዚያ ዲስኩ ጭርር፣ ጭርር ይልና ቀጥ ይላል፤ ቴሌቪዥኑ ይጠቁራል። እንደገና። ጭርር፣ ጭርር፣ ቀጥ። ውጭ የሠርግ ቤቱ መኪና ጡሩንባ ነፋብኝ፤ ነቅየው ወጣሁ። እሑድ ማታ ነጠላዬ ሽንኩርት እየሸተተ ስመለስ ወፍጮው ይጮኻል።

ባለወፍጮውን ለምኘው ነበር። «አያ፣ በሳምንት መካከል አንዲት ሰዓት ብቻ ቢያቆሙልኝ» አልሁት።

«የሰው እህል ተራ ይዞ ቆሟል፣ እትዬ። የእርስዎን ሰምቼ የእነሱን እንቢ ልበል?»

እውነቱን ነው። ተመለስሁ።

በሳምንቱም እንዲሁ ሆነ። ከፍቼ አጸዳሁ፣ ገጠምሁ፣ ሰካሁ፤ ጭርር፣ ጭርር፣ ቀጥ። ከግድግዳው ማዶ ልጄ ትተኛለች። አልጋው ሲንቋቋ እሰማለሁ፤ እንዳልተኛች አውቃለሁ። አንድም ቀን ምን ሆነ አላለችኝም።

የቀረችው አንዲት ቅዳሜና አንዲት እሑድ ናት። በማግስቱ ሰኞ ነው፤ ቀጠሮው። በዚያች ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ከከተማ ወጣ ብሎ ኮሶዬ ሠርግ ነበረብኝ፤ አድሬ የምመጣበት። ልቅር ብዬ አሰብሁ። ግን ቃሌን የሰጠሁት ከጥቅምት ጀምሮ ነው፤ ለሠርግ ቃል የበላች ወጥ ሠሪን ዳግም የሚጠራት የለም። የልጄ የስፌት መኪና ዝም ካለ ወዲህ ቤቱ የቆመው በእኔ ማማሰያ ነው። ቅዳሜ ጧት ለመጨረሻ ጊዜ ሞከርሁት፤ እንቢ አለ። ሆዱን እንደ ከፈትሁት፣ ብሎኖቹን ሰሙ ላይ እንደ ሰካሁ፣ ሰፌድ ደፍቼበት ተነሣሁ።

«ኩሽና እንዳትገቢ፤ የተፈታ ነገር አለ» አልኋት።

«አልገባም» አለች፣ ለግድግዳው።

ኮሶዬ ብርዱ አጥንት ይገባል። ዳሱ ከመንገዱ በላይ ሜዳው ላይ ተጥሎ ነፋሱ ሸራውን ያነሣል ይጥላል። እሑድ ጧት ሁለቱ ጎላ ድስት የእኔ፣ ሁለቱ የባልንጀራዬ ነበሩ፤ አሥራ አምስት ዓመት አብረን ያማሰልን ሴት ናት። ቁሌቱን እያማሰልሁ እጄ ኮሶዬ ነው፣ ልቤ ኩሽናዬ ውስጥ። ጥጡ ደረቅ ነበር ይሆን? ዓይኗን ተጭኛት ይሆን? ሳላውቀው ማማሰያው ከእጄ ተነጠቀ።

«አንቺ፣ ምነው? ሊይዝብሽ ነው እኮ» አለች ባልንጀራዬ።

«አየሁት።»

«የት አየሽው፣ ዓይንሽ እዚህ የለ። ከትናንት ጀምሮ ፀሐይን ነው የምታይው። ውሽማ ይዘሽ እንደሆነ ንገሪኝ፤ እኔ አላወራብሽም።»

«ውሽማስ ቢሆን በጠበቀኝ» አልኋት። «የማይጠብቅ ነገር ነው የያዝሁት።»

ሽንኩርቱ ታች ይዟል። ለአንድ ዳስ ሰው የሚሆን ወጥ ነው፤ የማረር ሽታ ከገባበት ሌላ ሽንኩርት የለም። ሁለታችንም ሳንነጋገር እሳቱን ከሥሩ አወጣን፣ ታቹን ሳንነካ የላይ የላዩን በጭልፋ እየቀዳን ወደ ባዶ ድስት ገለበጥን። የሙሽራዋ አክስት ያንን ሰዓት መጣች። መዳፏን ዘረጋች፤ ባልንጀራዬ ጠብ አደረገችላት። ቀመሰች። ከንፈሯን ሰበሰበች። እኔ እጄን ቀሚሴ ላይ እየጠረግሁ ቆምሁ።

«ጨው አንሶታል» አለችና ሄደች።

ባልንጀራዬ ጨው ነሰነሰች። «ሂጂ እንግዲህ» አለችኝ፤ «እድምተኛው የመጀመሪያውን ተራ እንደበላ ሂጂ። ሁለተኛውን እኔ አወጣዋለሁ። ሌላ ድስት ሳታሳርሪብኝ።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መንገድ ዳር ወጣሁ። ሚኒባስ እስኪመጣ፣ እስኪሞላ አሥር ሆነ። ፀሐይ አሥራ ሁለት ላይ ትጠልቃለች፤ ባለወፍጮው ሰዓት አያይም፣ የሚያየው ፀሐይን ነው። ልክ እደርሳለሁ አልሁ። ሁለተኛው መጠምዘዣ ላይ የሠርግ መኪኖች ከፊታችን ገቡ። አበባ የለበሰች መኪና ከፊት፣ ከኋላዋ ሌሎች፣ እንደ ቀንድ አውጣ ይሳባሉ።

«ወንድም ዓለም፣ ምነው አታልፋቸውም?» አልሁት ሹፌሩን።

«እማማ፣ ሙሽራ ይታለፋል እንዴ? ዕድላቸውን ልቁረጥ?»

«እውነቱን ነው» አሉ ከኋላ የተቀመጡት።

ሌላ ቀን ቢሆን እኔም እሱን እደግፍ ነበር። ስንቱን ሙሽራ በእጄ ወጥ ድሬያለሁ። ገደሉ በሚታይበት ቦታ ሲደርሱ ጭራሽ ቆሙ፤ ፎቶ ሊነሡ። ሙሽራዋ ወረደች፣ ቬሏን ነፋሱ ወሰደው፣ ሚዜዎቹ ሮጡ፣ አመጡት፣ እንደገና ወሰደው። ሰዉ ሁሉ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ይስቃል። የተራራው ጥላ መንገዱን ሲሻገር አያለሁ። «ውረዱና እርዷቸው እንጂ» አልሁ በመጨረሻ። ሁለት ሰዎች ከሚኒባሱ ወርደው ቬሉን ያዙላት። እንደዚያ ሆኖ ተነሣን።

ሰፈር ስደርስ ፀሐይ ከግድግዳችን አናት ላይ ብቻ ቀርታለች። ባለወፍጮው ቁልፉን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ሰላምታ ሳልሰጠው አለፍሁ፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ኩሽና ገባሁ። ሰፌዱ ተነሥቷል። ማጫወቻው የለም። መደቡ ላይ ያለችው ሰሟ ብቻ ናት፣ አንድም ብሎን የላትም፤ ተድበልብላ ተጨብጣለች። ሰው ገብቶ ሰርቆናል አልሁ። ቀና ስል ቴሌቪዥኑም የለም።

«እማዬ፣ እዚህ ነኝ» አለች ልጄ ከቤት።

መሬት ላይ ተቀምጣለች። ቴሌቪዥኑ በርጩማ ላይ። ማጫወቻው ከፊቷ በሁለት ጡቦች ላይ ተቀምጧል፣ ክዳኑ ወደ ታች፣ ሆዱ ወደ ላይ፤ ተገልብጦ።

«ምነው ገለበጥሽው?»

«አባዬ ገልብጦ ነበር እኮ የሚያስነሣው፣ መጨረሻ መጨረሻ ላይ። ዓይኗ ስታረጅ ወደ ታች ትወርዳለች፣ ሲገለበጥ ወደ ዲስኩ ትጠጋለች ይል ነበር። አታስታውሽም?»

አላስታውስም። እኔ ኩሽና ነበርሁ፤ ያየሁት ጣቶቿን ነው እንጂ ማጫወቻውን አልነበረም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽ?»

ጆይስቲኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «ከመጀመሪያው ቅዳሜ። ድምፁን በግድግዳው እሰማው ነበር። እንደዚያ ሲል ምን እንደሚፈልግ አውቃለሁ።»

«እና ዝም አልሽኝ?»

«ከተነሣ ጆይስቲኩን መያዝ አለብኛ» አለች። «ይዤው ከእጄ ቢወድቅስ ብዬ።»

ልቆጣት ፈለግሁ፣ ቁጣው አልመጣም። አጠገቧ ተቀመጥሁ። ብሎኖቹን በግራ እጇ እያሰረች፣ ከሰሙ ለመንቀል ሰሙን በቀኝ እጇ ይዛው ነበር። ጠዋት ጠንክሮ አስቸገራት፤ ፀሐይ ላይ አስቀመጠችው፣ ሲለሰልስ ጨበጠችው። እንዲህ ብላ ነው የነገረችኝ፣ ጨበጥሁት ብላ፣ ቃሉን ሳታስተውለው።

«በይ አስነሺው፤ ባለወፍጮው ቁልፉን ይዟል» አልኋት።

ጭርር አለ። ጭርር አለ። ሜዳው መጣ፣ አረንጓዴው፣ ሕዝቡ ሲጮኽ፣ ባለቤቴ በሕይወት ሳለ እንደሚጮኸው።

የቀኝ አውራ ጣቷ ቁልፉ ላይ ነው። ከላይ በኩል ያለችዋን ቁልፍ ለመንካት ሌባ ጣቷ መታጠፍ አለባት። ስታጥፋት ፊቷ ተኮማተረ፣ ዓይኗ ዕንባ አቀረረ፤ ጣቷ ግን ሄደች። ኳሱን ነጠቋት። «ምን ዓይነት ተከላካይ ነው ይኼ፣ እንቅልፋም» አለች። ሁለተኛም ነጠቋት። ሦስተኛ ጊዜ ጆይስቲኩ ከእጇ ሊወድቅ ሲል በቀሩት ጣቶቿ ቀለበችው፤ ያየሁት እኔ ነኝ፣ እሷ ዓይኗ ኳሱ ላይ ነበር። አንድ ጎል ገባባት። ወደ ፊት ዘንበል አለች። ባለፉት ሦስት ሳምንታት የፈራሁትን ያህል በዚያች ሩብ ሰዓት ፈራሁ፤ አሁን ይጠፋል፣ አሁን ይጠፋል እያልሁ።

አንድ ለባዶ እየተመራች ወደ ጎሉ ስትሄድ ወፍጮው ተነሣ። አምፖሏ ቀላች፣ ሜዳው እንደ ክር ቀጠነና ጠፋ።

ትጥለዋለች፣ ትነሣለች ብዬ ጠበቅሁ። አልተነሣችም። ጨለማው ውስጥ ቁልፎቹ ቀጭ ቀጭ ይላሉ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ልትገባ ነበር እኮ» አለች፣ ጣቷን ሳታቆም።

ሰኞ ጧት ሆስፒታል ገባን። ሴትየዋ የልጄን እጅ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና «እስቲ ጨብጪ» አለቻት። ሌባ ጣቷ መዳፏን ነካች። የመካከለኛዋም ነካች፣ በጭንቅ። የቀለበት ጣቷ አየር ላይ ቀረች። ትንሿ ጭራሽ አልቀረበችም። እኔ ሴትየዋን ነበር የማይ።

«አራቱም ነበር ያልሁሽ» አለች።

«አዎ» አለች ልጄ።

«በዚህ ሳምንት ምን ስታደርጊ ነበር?»

ልጄ ወደ እኔ አየች። እኔ ከቦርሳዬ ሰሟን አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኋት። ሦስት ጣት በደንብ ገብቶባታል፤ አራተኛዋ ጫር አድርጋት አልፋለች። ሴትየዋ አንሥታ ገለባበጠቻት፣ የራሷን ጣት ጉድጓዶቹ ውስጥ ከትታ ለካች።

«ይኼ ከኳሱ ይሻላል» አለች። «አልደረቀም። እየተጎተተ ነው እንጂ አልደረቀም። አንድ ወር እጨምርልሻለሁ። እንደገና አሙቂና ጨብጪያት።»

ውጭ ስንወጣ ልጄ ሰሟን ተቀብላኝ በቀኝ እጇ ያዘቻት። መንገድ እየተሻገርን፣ «የሚቀጥለው ቅዳሜ ሠርግ አለብሽ?» አለችኝ።

«አለብኝ።»

«የት?»

«እዚሁ ከተማ ነው።»

«ደህና» አለች። «ዓርብ ማታ፣ ወፍጮው እንደቆመ፣ ወደ ቅመሙ ሳትሄጂ፣ አንድ ዙር እኔና አንቺ እንጫወታለን። የተሸነፈ ይነሣል።»